ልዩ መዝገብን በደንበኞች ግንኙነት ሶፍትዌር ውስጥ ስለ ማቋቋም

1. መግቢያ

አንድ ድርጅት የሚያገለግላቸውን ሰዎች በአግባቡ ሊያስተናግድ የሚችለው ስለ እነርሱ የያዘው መረጃ በሥርዓት የተቀመጠ እንደሆነ ነው። ይህ ሐቅ ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ከብዙ ዘመን በፊት የታወቀ ነበር። ባለሱቅ በዱቤ የወሰደውን ሰው በደብተሩ ይጽፋል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ፋይል ይከፍታል፤ ትምህርት ቤትም የተማሪዎቹን ስም በመዝገብ ያሰፍራል።

ይሁን እንጂ በደብተርና በኮምፒዩተር መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ደብተርን የሚያነበው ሰው ነው። በገጹ ኅዳግ ላይ «ይህ የወንድሙ ሒሳብ ነው» የሚል ማስታወሻ ቢጻፍ አንባቢው ነገሩን ተረድቶ ያስተካክላል። ኮምፒዩተር ግን የሚያውቀው በተወሰነለት ዓምድ ውስጥ የገባውን ነገር ብቻ ነው። ቦታ ያልተሰጠው ነገር ለእርሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህም የተነሣ መዝገቡ ሲነደፍ የተፈጸመ ስሕተት በወረቀት ላይ እንደሚደርስ ስሕተት በአንድ ገጽ ተወስኖ አይቀርም፤ በመቶና በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች የሚላከውን መልእክት፣ የሚጠየቀውን ክፍያና የሚቀርበውን ዘገባ ሁሉ ያዛባል።

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ድርጅቶችና የትምህርት ተቋማት ለዚህ ተግባር የሚገለገሉት የደንበኞች ግንኙነትና የገበያ ሥራ ሶፍትዌር በሚባሉ ፕሮግራሞች ነው። ፕሮግራሞቹ ተቋሙ ለራሱ ሥራ የሚስማማ ተጨማሪ መዝገብ እንዲያቋቁም ይፈቅዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ተጨማሪ መዝገብ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያስፈልግና በምን ቅደም ተከተል መቋቋም እንዳለበት መግለጽ ነው።

2. የመዝገብ አያያዝ አመጣጥ ባጭሩ

መረጃን በመኪና አማካይነት የመመዝገብ ሥራ በሰፊው የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ኸርማን ሆለሪት የተባለው መሐንዲስ የእያንዳንዱ ሰው መረጃ በአንድ የተበሳ ካርድ ላይ እንዲሰፍር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1928 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ 80 ዓምዶች ያሉት ካርድ አወጣ። ካርዱ ለብዙ ዓመታት የመረጃ ሥራ መሠረት ሆኖ ቆየ። የካርዱ ጠባይ ግን ግትር ነበር፤ ቁርጥ ያለ የዓምድ ቁጥር ስላለው ተጨማሪ ነገር ለመጻፍ ሲፈለግ ቦታ ይጠባል።

ይህን ችግር በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የፈታው ኤድጋር ኮድ ነው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ይህ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት መረጃ በሠንጠረዦች ተከፋፍሎ ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ሠንጠረዦቹም በጋራ መለያ አማካይነት እርስ በርሳቸው ሊገናኙ እንደሚችሉ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ፒተር ቼን መዝገብ ነዳፊ አስቀድሞ ሊለያቸው የሚገቡት ሁለት ነገሮች እንደሆኑ አመለከተ፤ እነዚህም በራሳቸው የቆሙ ነገሮችና በነገሮቹ መካከል ያለው ዝምድና ናቸው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች የተመሠረቱት በእነዚህ ሐሳቦች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ሴልስፎርስና እ.ኤ.አ. በ2006 በማሳቹሴትስ የተመሠረተው ሀብስፖት ከታወቁት መካከል ናቸው። ሀብስፖት ለከፍተኛው የአገልግሎት ደረጃ ተጠቃሚዎቹ ልዩ መዝገብ የማቋቋም ዕድል የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

3. የዝግጁ መዝገብና የልዩ መዝገብ ልዩነት

ፕሮግራሙ ከፋብሪካው ሲወጣ ይዟቸው የሚመጣቸው መዝገቦች በዚህ ጽሑፍ «ዝግጁ መዝገብ» ተብለዋል። በሀብስፖት ዋና ዋናዎቹ ዝግጁ መዝገቦች አራት ናቸው፤ እነርሱም የሰዎች፣ የድርጅቶች፣ የሽያጭ ጉዳዮችና የአገልግሎት አቤቱታዎች መዝገብ ናቸው። ተቋሙ በራሱ ፍላጎት የሚጨምረው ደግሞ «ልዩ መዝገብ» ተብሏል። ልዩነቱ ተሰፍቶ በሚሸጥ ልብስና በልክ በሚሰፋ ልብስ መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ለብዙ ሰው ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን የሚለካውን ሰው በሚገባ ማወቅን ይጠይቃል።

በእያንዳንዱ መዝገብ ውስጥ ረድፍና ዓምድ አለ። ረድፍ የአንድ ነገር ወኪል ነው፤ ዓምድ የዚያ ነገር አንድ ጠባይ የሚጻፍበት ቦታ ነው። በሰዎች መዝገብ ውስጥ አንድ ረድፍ አንድን ሰው ይወክላል፤ ስሙ፣ ስልኩና አድራሻው በየዓምዱ ይሰፍራሉ።

ዝግጁ መዝገቦች በስውር የያዙት አንድ ግምት እንዳለ ማስተዋል ያስፈልጋል። ለገበያ ሥራ የተዘጋጁ በመሆናቸው መልእክት የሚደርሰው፣ ገንዘብ የሚከፍለውና አገልግሎቱን የሚያገኘው አንድ ሰው ነው ብለው ይነሣሉ። ይህ ግምት ለሱቅ ሊስማማ ይችላል። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ወይም ለማኅበራዊ አገልግሎት ግን አይስማማም፤ የሚማረው ልጅ፣ የሚከፍለው አሳዳጊው ነውና።

4. አንድ ምሳሌ

ነገሩን ለማብራራት ከመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውጭ የቋንቋ፣ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ትምህርት ቤት ይታሰብ። ትምህርት ቤቱ ከልጆች ሌላ ጎልማሶችንም ያስተምራል። የክፍያ ማስታወሻ፣ የፈተና ቀንና የመቅረት ማስታወቂያ በስልክና በኢሜይል ይልካል። ኃላፊዎቹ ሶፍትዌር ሲገዙ ያለው የሰዎች መዝገብ ይበቃል ብለው በእርሱ ላይ ብቻ ቢሠሩ ሁለት ዐበይት ችግሮች ይገጥሟቸዋል።

የመጀመሪያው የዓምዶች መባዛት ነው። ተማሪው ከአንድ በላይ ሥልጠና ሊከታተል ስለሚችል «ሥልጠና 1»፣ «ሥልጠና 2»፣ «ሥልጠና 3» የሚባሉ ዓምዶች ይከፈታሉ። ለእያንዳንዱም የሥልጠናው ስም፣ የጀመረበት ቀን፣ ክፍያውና ውጤቱ ስለሚያስፈልጉ ዓምዶቹ 12 ይሆናሉ። አራተኛ ሥልጠና የጀመረ ተማሪ ሲመጣ ሌላ 4 ዓምዶች ይጨመራሉ፤ ለአብዛኞቹ ተማሪዎችም ዓምዶቹ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ከዚህ የሚከፋው ግን «የሒሳብ ሥልጠና የጨረሱት እነማን ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። መልሱ ከሦስትና ከአራት ቦታ ተለቅሞ መምጣት አለበት፤ አንዱ ቦታ ቢዘነጋ ዘገባው ጎደሎ ይሆናል፤ ጎደሎነቱም በዓይን አይታይም።

ሁለተኛው የሰዎች መደራረብ ነው። ሀብስፖትና እርሱን የመሰሉ ፕሮግራሞች አንዱን ሰው ከሌላው የሚለዩት በዋናነት በኢሜይል አድራሻው ነው። አንዲት እናት በመጀመሪያ ታላቁን፣ ከዚያም ታናሹን ልጅዋን በራስዋ አድራሻ ብታስመዘግብ ፕሮግራሙ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ሊቆጥራቸው ይችላል። የታናሹ ስም የታላቁን ስም ይተካል። የሁለተኛው ልጅ መረጃ ሲገባ የመጀመሪያው ይጠፋል። ታላቁ ልጅ ከትምህርት ቢቀርም ማስታወቂያው ለማንም አይደርስም፤ በመዝገቡ ውስጥ የለምና። ማንም ሠራተኛ ሥራውን ሳያጓድል፣ ፕሮግራሙም ሳይበላሽ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ዕይታ ይሰወራል።

ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥፋቱ የመጣው በአንድ ረድፍ ውስጥ አሳዳጊ፣ ተማሪና ምዝገባ የተባሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በመጠቅለላቸው ነው። ስለሆነም ማንኛውም መዝገብ ከመከፈቱ በፊት «አንዱ ረድፍ የምን ወኪል ነው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሊመለስ ይገባል። በመልሱ ውስጥ «እና» ወይም «ወይም» የሚል ቃል ከገባ በአንድ መዝገብ ውስጥ ሁለት መዝገቦች ተደባልቀዋል ማለት ነው።

5. ልዩ መዝገብ መቼ ያስፈልጋል?

እያንዳንዱ አዲስ ነገር አዲስ መዝገብ አያሻውም። መዝገብ በበዛ ቁጥር የሚጠብቀው ሠራተኛ ይቸገራል፤ ዘገባውም ይወሳሰባል። አንድ ነገር የራሱ መዝገብ ሊኖረው የሚገባ መሆኑን ለመለየት የሚከተሉት ሦስት መመዘኛዎች ይረዳሉ።

ሀ) ብዛት። ነገሩ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላልን? አንድ ተማሪ የሚኖረው የትውልድ ቀን አንድ ብቻ ስለሆነ የትውልድ ቀን ዓምድ ነው። ምዝገባ ግን ሁለትም ሦስትም ሊሆን ይችላል።

ለ) የራስ ጠባይ። ነገሩ የራሱ ቀን፣ መጠን ወይም ዝርዝር አለውን? ምዝገባ የተጀመረበት ቀን፣ ክፍያና ውጤት አለው። «የማታ» ወይም «የቀን» የሚለው የትምህርት ጊዜ ግን ከስሙ በቀር ምንም የለውም፤ ስለዚህ ከምርጫ ዝርዝር የሚመረጥ ዓምድ ሆኖ ይበቃዋል።

ሐ) የራስ ሕይወት። ነገሩ ሰውየው ሳይለወጥ እርሱ ብቻ ሊጀመር፣ ሊለወጥና ሊያበቃ ይችላልን? ተማሪው አንዱን ሥልጠና አቋርጦ ሌላውን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ «አቋርጧል» የሚለው ቃል ሊጻፍ የሚገባው በምዝገባው ላይ እንጂ በተማሪው ላይ አይደለም።

ሦስቱም ጥያቄዎች «አዎን» ከተባሉ ልዩ መዝገብ ማቋቋም ተገቢ ነው። ሦስቱም «አይደለም» ከተባሉ ዓምድ ይበቃል። መልሱ ሲደባለቅ የሚወስነው የተቋሙ አሠራር ነው። ለምሳሌ ክፍያው በአንድ ጊዜ የሚጠናቀቅ ከሆነ በምዝገባው ረድፍ ላይ «የተከፈለው ገንዘብ» የሚል ዓምድ ይበቃል። ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ የሚገባ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ቀንና የደረሰኝ ቁጥር ስለሚኖረው የክፍያ መዝገብ ለብቻው መቋቋም አለበት። አንዱ ተቋም የሠራውን ንድፍ ሌላው እንዳለ መገልበጥ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

በእነዚህ መመዘኛዎች መሠረት ከላይ የተጠቀሰው ትምህርት ቤት አራት መዝገቦች ያስፈልጉታል። አሳዳጊው፣ መልእክት ተቀባይ በመሆኑ፣ በዝግጁው የሰዎች መዝገብ ይቆያል። «ተማሪ»፣ «ሥልጠና» እና «ምዝገባ» ልዩ መዝገቦች ይሆናሉ። የምዝገባ መዝገብ አንዱ ረድፍ አንድ ተማሪ በአንድ ሥልጠና መመዝገቡን ይወክላል።

6. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

6.1 ጥያቄዎችን መሰብሰብ። ሥራው የሚጀመረው በኮምፒዩተሩ ፊት ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው። የሒሳብ ሹሙ፣ አስተማሪውና ርእሰ መምህሩ መዝገቡ ሊመልስላቸው የሚፈልጉትን ጥያቄ ይጽፋሉ። «ያልከፈሉት እነማን ናቸው?»፣ «በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ የቀሩት እነማን ናቸው?» የሚሉት ለምሳሌ ይበቃሉ። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የማይሆን ዓምድ ሊከፈት አይገባም።

6.2 ስም መስጠት። ፕሮግራሞቹ ለአንድ መዝገብ ሁለት ዓይነት ስም ይሰጣሉ፤ አንዱ ለሠራተኞች የሚታየው ሲሆን ሌላው ፕሮግራሙ በውስጡ የሚጠቀምበት ነው። የሚታየው ስም በነጠላና በብዙ ቍጥር ይሞላል፤ «ምዝገባ» እና «ምዝገባዎች» እንደ ማለት ነው። የውስጡን ስም አንዴ ሥራ ከተጀመረ በኋላ መለወጥ የማይቻልበት፣ ቢቻልም ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ሥራ ሁሉ የሚያፈርስበት ጊዜ ስላለ አስቀድሞ በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። «አዲስ»፣ «ሙከራ» ወይም የሠራተኛ ስም የሆነ መጠሪያ መስጠት አይገባም፤ አዲሱ ያረጃል፣ ሠራተኛውም ይዛወራል።

6.3 መለያ መወሰን። እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት፣ የማይደገምና የማይለወጥ መለያ ሊኖረው ይገባል። ስም መለያ ሊሆን አይችልም፤ ሞክሼ አለና። ስልክም አይሆንም፤ ሰው ስልኩን ይለውጣል፣ ቤተሰብም በአንድ ስልክ ይጠቀማል። የተሻለው ትርጉም የሌለው ተከታታይ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የክፍል ወይም የዓመት ምልክት ከያዘ ተማሪው ክፍል ሲለውጥ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ፕሮግራሞቹ ቁጥሩን በራሳቸው እንዲሰጡ፣ የተደገመውንም እንዳይቀበሉ ማድረግ ይቻላል።

6.4 የዓምዱን ዓይነት መምረጥ። ዓምድ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ የገንዘብ መጠን ወይም የምርጫ ዝርዝር ሊቀበል ይችላል። የምዝገባው ሁኔታ በነጻ ጽሑፍ እንዲሞላ ቢተው አንዱ ሠራተኛ «አቋረጠ»፣ ሌላው «አቋርጧል»፣ ሦስተኛው «ትቷል» ብሎ ይጽፋል። ለሰው አንድ የሆነው ነገር ለኮምፒዩተሩ ሦስት ነው። ስለዚህ «ተመዝግቧል»፣ «በመከታተል ላይ»፣ «አቋርጧል»፣ «ጨርሷል» የሚል የተወሰነ ዝርዝር ማዘጋጀት ይሻላል። ባዶ ዓምድና ዜሮም አንድ አለመሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። የውጤት ዓምድ ባዶ ከሆነ ተማሪው ገና አልተፈተነም ማለት ነው፤ ዜሮ ከሆነ ግን ተፈትኖ ምንም አላገኘም ማለት ነው።

በዚህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የሥልጠናው ዋጋ የሚጻፈው በሥልጠናው መዝገብ ላይ ብቻ ከሆነ ዋጋው በሚቀጥለው ዓመት ሲጨምር ያለፈው ዓመት ዕዳ ሁሉ አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ተማሪው የተስማማበት ዋጋ በምዝገባው ረድፍ ላይ ተገልብጦ መቀመጥ አለበት። የሥልጠናው መዝገብ የዛሬውን ዋጋ ይናገራል፤ ምዝገባው የዚያን ቀኑን ውል ይመሰክራል።

6.5 ዝምድናን መወሰን። መዝገቦች የሚገናኙት በሦስት መንገድ ነው፤ አንድ ከአንድ፣ አንድ ከብዙ ወይም ብዙ ከብዙ ጋር። አንድ ተማሪ ብዙ ሥልጠና፣ አንድ ሥልጠናም ብዙ ተማሪ ስላለው በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ብዙ ከብዙ ጋር ነው። ሆኖም ቀኑ፣ ዋጋውና ውጤቱ የተማሪውም የሥልጠናውም ስላልሆኑ መካከለኛ መዝገብ ይጠይቃሉ። «ምዝገባ» የዚህ ዓይነት መካከለኛ መዝገብ ነው።

ተማሪና አሳዳጊም ብዙ ከብዙ ጋር ይዛመዳሉ፤ አንድ ልጅ ሁለት አሳዳጊ፣ አንድ አሳዳጊም ብዙ ልጆች ሊኖሩት ይችላልና። ዝምድናው «እናት»፣ «አባት»፣ «አሳዳጊ»፣ «ከፋይ» ተብሎ መለየት አለበት። ወላጆች ሲፋቱ፣ ወይም ክፍያውን ዘመድ ሲችል፣ የልጁን ውጤት ማወቅ የሚገባውና ሒሳብ የሚጠየቀው ሰው የተለያዩ ይሆናሉ። ራሱን ችሎ የሚማር ጎልማሳ ደግሞ በሁለቱም መዝገብ ይገባና «ራሱ» ወይም «ራሷ» በሚል ዝምድና ይያያዛል።

የመሰረዝ ደንብም የሚወሰነው በዚሁ ጊዜ ነው። በሴልስፎርስ አንዱ የዝምድና ዓይነት ዋናው ረድፍ ሲሰረዝ ጥገኞቹ አብረው እንዲሰረዙ የሚያደርግ ነው፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ ግንኙነቱን ብቻ ሊያቋርጥ ይችላል። አሳዳጊ ከመዝገብ ቢወጣ ተማሪው አብሮ ሊጠፋ አይገባም። በአንጻሩ ምዝገባ ያለ ተማሪ ትርጉም የለውም። ሆኖም የገንዘብ ማስረጃ የያዘ ረድፍ ከመሰረዝ ይልቅ ሁኔታው «ተዘግቷል» ተብሎ ቢለወጥ ይመረጣል።

6.6 በጥቂት ረድፎች መፈተን። መረጃው ሁሉ ከመግባቱ በፊት 20 ያህል ረድፎች ቢሞከሩ ይበቃል፤ ነገር ግን ሆን ተብሎ አስቸጋሪዎቹ መመረጥ አለባቸው። በአንድ አድራሻ የተመዘገቡ ወንድማማቾች፣ አቋርጦ የተመለሰ ተማሪ፣ ሁለት አሳዳጊ ያለው ልጅ፣ ስልክ የሌለው ቤተሰብ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ቀላሉ ረድፍ ሁልጊዜ ያልፋል፤ ንድፉን የሚያጋልጠው አስቸጋሪው ነው።

6.7 መረጃን ማዛወር። በመጀመሪያ የሚገቡት በራሳቸው የሚቆሙት መዝገቦች ናቸው። አሳዳጊ፣ ተማሪና ሥልጠና ገብተው መለያቸውን ካገኙ በኋላ ምዝገባ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ምዝገባው የሚያያዝበት ሰው አጥቶ ይንጠለጠላል። ካለቀም በኋላ በወረቀቱና በኮምፒዩተሩ ያለው የረድፍ ቁጥርና የገንዘብ ድምር መመሳከር አለበት።

7. በአማርኛ ለሚሠሩ ተቋማት ልዩ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች

ሀ) የስም አጻጻፍ። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ልማድ ነው። ሴልስፎርስ የሰው ረድፍ ያለ ቤተሰብ ስም አይቀበልም። በኢትዮጵያ ልማድ ግን ከራስ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ ሚስትም የባልዋን ስም አትወርስም። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ዓምድ ሲገባ ፕሮግራሙ ሰላምታውን በአባትየው ስም ያደርጋል። ስለዚህ «የራስ ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» እና «የማዕረግ መጠሪያ» በየራሳቸው ዓምድ ተለይተው ሰላምታው «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ከሚለው ቀጥሎ የራስን ስም እንዲጠራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለ) ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛን በኮምፒዩተር መመዝገብ የማያስቸግር ሆኗል። ይሁን እንጂ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለመኪናው የተለያዩ ናቸው። አንድ ተማሪ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። ሰው በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ሊፈለግ የሚገባው በዚህም ምክንያት ነው።

ሐ) የዘመን አቆጣጠር። የቀን ዓምድ የሚቀበለው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ዓ.ም. 5/13/2010 ተብሎ ቢጻፍ፣ ወርን ከቀን የሚያስቀድመው የአሜሪካ ሥርዓት ያለምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 ቀን 2010 ብሎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2018 ነው። ልዩነቱ ከስምንት ዓመት ይበልጣል። መፍትሔው ቀኑን አስልቶ በቀን ዓምድ ማስገባት፣ የኢትዮጵያውን ቀን ደግሞ በሌላ የጽሑፍ ዓምድ እንደ ተነገረ ማኖር ነው። በሰዓትም ረገድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲላክ የታሰበ መልእክት በፕሮግራሙ ላይ 2 ተብሎ ቢሞላ የሚላከው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው።

መ) የስልክ ቁጥር። ስልክ ቁጥር ቢባልም የሚደመር ወይም የሚቀነስ ነገር አይደለም። በቁጥር ዓምድ ከገባ የመጀመሪያው ዜሮ ይወድቃል። ስለዚህ በጽሑፍ ወይም በስልክ ዓምድ፣ በ+251 ጀምሮ መጻፍ ይገባል።

8. የሰዎችን ምስጢር ስለ መጠበቅ

ልዩ መዝገብ ለመክፈት ቀላል መሆኑ ራሱ አደጋ አለው። ቦታ ስለተገኘ ብቻ የልጁ ሕመም፣ የወላጅ ገቢ ወይም የቤተሰብ ጠብ ሊመዘገብ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ መረጃ ለተወሰነ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ያዝዛል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

በተግባር ይህ ማለት ለእያንዳንዱ መዝገብ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ሊወሰኑ ይገባል ማለት ነው፤ ማን ያየዋል፣ ማን ይለውጠዋል፣ መቼስ ይሰረዛል? መልእክት የሚልከው ሠራተኛ የአሳዳጊውን ስልክና የምዝገባውን ሁኔታ ማየት አለበት፤ የልጁን የጤና ማስታወሻ ግን ማየት የለበትም። መዝገቦቹ መለያየታቸው ለዚህም ይጠቅማል፤ ሁሉም በአንድ ረድፍ ቢጠቀለል ስልኩን ያየ ሁሉ ምስጢሩንም ያያል።

9. ማጠቃለያ

ልዩ መዝገብን የማቋቋም ሥራ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ባለሙያው መዝገቡን በአንድ ቀን ሊከፍት ይችላል፤ አሳዳጊ ከተማሪ፣ ተማሪም ከምዝገባ የሚለይ መሆኑን የሚያውቀው ግን ሥራውን ዕለት ዕለት የሚሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት አስተማሪው፣ የሒሳብ ሹሙና የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አብረው ሊመክሩበት ይገባል።

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ሁሉ የሚሰበሰቡት «አንዱ ረድፍ የምን ወኪል ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ በቅድሚያ ከተመለሰ መለያው፣ ዓምዱና ዝምድናው ተከትለው ይስተካከላሉ። ሳይመለስ ከታለፈ ግን የሚገዛው ሶፍትዌር የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሁለት ወንድማማቾችን አንድ ከማድረግ፣ ያልተበደረውንም ዕዳ ከመጠየቅ አያድንም።